የጥበብ ዛር ያለ ታዳሚ አይወርድም

ስለ ኪነ ጥበብ ምንጭ በተነሣ ቁጥር ባለቅኔውን፣ ሠዓሊውን ወይም ሙዚቀኛውን ብቻውን አድርጎ ማሰብ የቆየ ልማድ ነው። ከሰው ተለይቶ፣ በሩን ዘግቶ ሲያወጣና ሲያወርድ ከቆየ በኋላ በድንገት «የጥበብ ዛር ሰፈረበት» ይባላል። ይሁንና ይህን አነጋገር ያፈለቀው ሕዝብ ስለ ዛር የሚያውቀው ሌላም ነገር አለ። ዛር ከበሮና ጭብጨባ፣ ዕጣንና ቡና፣ ከሁሉም በላይ የተሰበሰበ ሰው ይሻል፤ ያለ ታዳሚ አይወርድም። ምሳሌው እስከዚህ ድረስ ከተወሰደ ስለ ፈጠራ አነሣሥ ትልቅ እውነት ይነግረናል። የዚህ ሐተታ ዓላማም ይህንኑ እውነት በአንድ የቅርብ ዘመን ታሪክ፣ ማለትም በኒው ዮርክ ከተማ በብሮንክስ በተወለደው በሂፕሆፕ ታሪክ ማሳየት ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብሮንክስ ያን ጊዜ ጥበብ ይፈልቅበታል ተብሎ የሚጠበቅ ስፍራ አልነበረም። ከ1948 ጀምሮ በሮበርት ሞዝስ መሪነት የተሠራው አቋራጭ አውራ ጎዳና መንደሮቹን ሰንጥቆ በሺሕ የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን አፈናቅሏል። በ1970ዎቹ ሰፈሩን ቃጠሎ አጠቃው፤ የመድን ገንዘብ ለመቀበል ሲሉ የገዛ ሕንፃቸውን የሚያስቃጥሉ አከራዮች እንኳ ነበሩ። በ1975 ከተማይቱ ለኪሳራ በተቃረበች ጊዜ ደግሞ የትምህርት ቤቶች በጀት ተቀነሰ፤ የሙዚቃና የሥዕል ትምህርትም ከተጎጂዎቹ መካከል ነበር። ወጣቱ በየመንደሩ በቡድን ተከፋፍሎ ይጋደል ስለ ነበር፣ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው መሻገር ለሕይወት የሚያሠጋ ነገር ነበር።

ስለዚህ የሂፕሆፕ ታሪክ ከሙዚቃ በፊት በዕርቅ ይጀምራል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዲሴምበር 1971 የ«ጌቶ ብራዘርስ» ቡድን አባል የነበረው ኮርኔል ቤንጃሚን ጠብ ለማብረድ ሄዶ ተገደለ። ቡድኑ ደሙን ይመልሳል ተብሎ ሲጠበቅ በቀልን አልመረጠም። በዚያው ወር በ8ኛው ቀን የብሮንክስ ቡድኖች በሆ አቬኑ በሚገኘው የወጣቶች ክበብ ተሰብስበው ዕርቅ አወረዱ። ዕርቁ ጠቡን ሁሉ ባያጠፋም፣ ወጣቱ በሌላው ሰፈር ጭፈራ ላይ የሚታደምበትን መንገድ ከፈተ። ታዳሚ የተገኘው እንግዲህ በዚህ ዓይነት ነው።

ኦገስት 11 ቀን 1973 ሲንዲ ካምቤል የተባለች ልጃገረድ ለትምህርት ቤት መክፈቻ የሚሆን ልብስ መግዣ ገንዘብ ለማግኘት፣ በሴጅዊክ አቬኑ ቁጥር 1520 ሕንፃ በነዋሪዎች የጋራ መዝናኛ ክፍል ውስጥ የጭፈራ ድግስ አዘጋጀች። መግቢያው ለሴቶች 25፣ ለወንዶች 50 ሳንቲም ነበር። ሸክላ አጫዋቹ ወንድሟ ክላይቭ፣ በኋላ «ኩል ኸርክ» የተባለው፣ የ18 ዓመት ወጣት ነው። ተወልዶ ያደገው በጃማይካ በኪንግስተን ስለ ነበር፣ ትልልቅ ድምፅ ማጉያ አደባባይ አውጥቶ ሕዝብ ማስጨፈር ምን እንደሆነ ከልጅነቱ ያውቃል። ኸርክ የተጨፋሪዎቹን እግር ልብ ብሎ ተመለከተ። እግሩ ይበልጥ የሚነሣው ዘፈኑ ቆሞ ከበሮው ብቻውን በሚመታበት አጭር ክፍል ላይ መሆኑን ባወቀ ጊዜ፣ አንድ ዓይነት ሸክላ በሁለት ማጫወቻ ላይ አስቀምጦ ያንኑ ክፍል እያፈራረቀ አራዘመው። የአዲሱ ሙዚቃ መሠረት ይኸው ነው። ምንጩም የታዳሚው እግር ነበር።

ሳይንስም በዚህ ድግስ ላይ ድርሻ ነበረው። ጆሴፍ ሳድለር፣ በመድረክ ስሙ «ግራንድማስተር ፍላሽ»፣ በሙያ ትምህርት ቤት ኤሌክትሮኒክስ የተማረ ወጣት ነበር። የኸርክን ሥራ አድንቆ ጉድለቱንም አየ፤ ከአንዱ ሸክላ ወደ ሌላው ሲታለፍ ምቱ ይዛነፋል። ፍላሽ ችግሩን እንደ መሐንዲስ ያዘው። የማጫወቻዎቹን ሞተር ጉልበት አወዳደረ፤ ከበሮው የሚጀምርበትን ቦታ በሸክላው ላይ በቀለም ምልክት አድርጎ ዙሩን ቈጠረ፤ ሁለተኛውን ሸክላ ታዳሚው ሳይሰማ አስቀድሞ በጆሮው የሚያዳምጥበትን ማብሪያ ማጥፊያ ራሱ ሠራ። እናቱ ልብስ ሰፊ ስለ ነበሩ የጨርቅ ጠባይ ያውቅ ነበርና፣ ፌልት የተባለውን ጨርቅ በስታርች አጠንክሮ ከሸክላው ሥር አነጠፈ። በዚህም ማጫወቻው እየዞረ ሸክላውን በእጁ መያዝና መመለስ ቻለ።

ታሪኩ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ከዚህ በኋላ ባለው ነው። ፍላሽ ራሱ እንደተረከው፣ ይህን ሁሉ አጠናቅቆ በሕዝብ ፊት ባቀረበ ጊዜ ሰው አልጨፈረም፤ ጸጥ ብሎ ቆሞ ያየው ጀመር። ወጣቱ በኀዘን አለቀሰ። ይሁን እንጂ ሕዝቡን አልወቀሰም፤ ስልቱ ፍጹም ሆኖ ሳለ የጎደለው ነገር ቃል መሆኑን ተረዳ። ታዳሚውን በንግግር የሚያነሣሡና በምቱ ላይ ግጥም የሚደረድሩ ጓደኞችን ከጎኑ አሰለፈ። የምሕንድስናው ጥበብ የቃልን ጥበብ የጠራው እንግዲህ በሕዝብ ዝምታ ምክንያት ነው።

ሥዕሉም ከሌላው ዓለም ጋር ይነጋገር ነበር። በባቡሮች ላይ የሚሣሉትን ወጣቶች ብዙ ሰው እንደ አጥፊ ብቻ ያያቸው ነበር። በ1980 ግን ፍሬድ ብራትዌይት፣ «ፋብ ፋይቭ ፍሬዲ»፣ አንድ የባቡር ፉርጎ ሙሉ የሾርባ ቆርቆሮዎች ሣለበት። ይህ አንዲ ዋርሆል በ1962 ላቀረባቸው የታወቁ ሥዕሎች የተሰጠ መልስ ነው። በመንገድ የሚሣለውም ወጣት የሥነ ሥዕልን ታሪክ እንደሚያውቅ በሚሮጥ ብረት ላይ ተጽፎ ከተማውን ዞረ።

የጽሕፈትን ድርሻ ለማየት በ1982 የወጣውን «ዘ ሜሴጅ» የተባለ ሥራ መጥቀስ ይበቃል። እስከዚያ ድረስ ግጥሙ በአብዛኛው የጨዋታና የፉክክር ነበር። የዚህን ግጥም አብዛኛውን ክፍል የጻፈው በኮሌጅ ሥነ ጽሑፍ የተማረው ኤድዋርድ ፍሌቸር ሲሆን፣ ሜሊ ሜል የራሱን ክፍል ጨመረበት። የሰፈሩን ድህነት በግልጽ ቃል ያሳየው ይህ ሥራ፣ በ2002 የአሜሪካ ኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት በቅርስነት ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ 50 የድምፅ ቅጂዎች አንዱ ሆነ። ሥራው የወጣው በፍላሽና በጓደኞቹ ስም ይሁን እንጂ ፍላሽ በቅጂው ላይ አልተጫወተም። ፈጠራ የጋራ ነው ስንል የእያንዳንዱን ድካም በስሙ ማመስገን አብሮ የሚሄድ ግዴታ መሆኑን ይህ ያስታውሰናል።

ይህ ድግስ የኛንም ደጃፍ ነክቷል። ናስና ዴሚያን ማርሊ በ2010 ባወጡት «አዝ ዊ ኤንተር» ላይ የሚሰማው ዜማ የተወሰደው ከሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ነው። ሙላቱ ራሳቸው ወደ ብሪታንያ የተላኩት ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ሙዚቃን መርጠው የአገራችንን ቅኝት ከጃዝ ጋር አዋደዱ። በአዲስ አበባ የተደረሰ ትዝታ ለኒው ዮርኩ ገጣሚ መነሻ ሲሆን፣ ተራርቀው የሚኖሩ ሰዎችም አንዱ የሌላው ታዳሚ መሆናቸው ይታያል።

እንግዲህ የጥበብ መነሣሣት ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ የብሮንክስ ታሪክ የሚሰጠው መልስ ግልጽ ነው። ከታረቀ መንደር፣ ከተስተዋለ እግር፣ ከተፈታ የማሽን ችግር፣ ከታየ ሥዕልና ከታረመ ቃል ይመጣል። ከነዚህ አንዱን ብቻ ይዞ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ይጠብቃል። በየቀበሌው ባዶውን ተቆልፎ የሚውል አዳራሽ፣ ሬዲዮ የሚፈታታ ልጅ፣ በግድግዳ ላይ የሚሥል ልጅና በደብተር ጥግ ግጥም የምትጽፍ ልጃገረድ በየከተማችን አሉ። እነዚህ እርስ በርሳቸው ሳይተዋወቁ ቢያድጉ ጥፋቱ የነሱ አይደለም። ተሰጥኦ የለም ብሎ ከማማረር በፊት አዳራሹን መክፈት ይቀድማል፤ ታዳሚው ሲሰበሰብ ዛሩ መውረዱ አይቀርም።