‹‹ፍላሜብል›› እና ‹‹ኢንፍላሜብል››፦ ሁለት ቃላት፣ አንድ አደጋ

በነዳጅ በርሜል፣ በፀረ ተባይ ኬሚካል ጠርሙስ እና በቀለም ማቅጠኛ ጣሳ ላይ ከሚነበቡ የእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያዎች መካከል ‹‹ፍላሜብል›› እና ‹‹ኢንፍላሜብል›› የሚሉት ይገኙበታል። በድምፅ የሚቀራረቡት እነዚህ ቃላት ለብዙ አንባቢ ተቃራኒ ትርጉም ያላቸው ይመስላሉ። እውነታው ግን ሌላ ነው፤ ሁለቱም ‹‹በቀላሉ በእሳት የሚያያዝ›› ማለት ናቸው።

የስሕተቱ ምንጭ ‹‹ኢን›› የሚለው የመነሻ ቅጥያ ነው። ይህ ቅጥያ በብዙ የእንግሊዝኛ ቃላት ላይ ሲጨመር ትርጉሙን ያፈርሳል። ‹‹አክቲቭ›› ንቁ ሲኾን ‹‹ኢንአክቲቭ›› ንቁ ያልኾነ ማለት ነው። ይህን የተማረ ሰው ‹‹ኢንፍላሜብል›› የሚለውን ‹‹የማይቀጣጠል›› ብሎ ቢተረጉመው አይደንቅም፤ ውጤቱ ግን ሕይወትን እና ንብረትን ሊያሳጣ ይችላል።

በዚህ ቃል ውስጥ ያለው ‹‹ኢን›› አፍራሽ አይደለም። ቃሉ የመጣው ‹‹ኢንፍላማሬ›› ከሚለው የላቲን ግሥ ሲኾን ትርጉሙም ማቀጣጠል ነው። ሐኪሞች የሰውነት መቆጣትን ‹‹ኢንፍላሜሽን›› የሚሉትም ከዚሁ ሥር በተገኘ ቃል ነው።

በእንግሊዝኛ ቀድሞ ሥራ ላይ የዋለው ‹‹ኢንፍላሜብል›› ነው። አሳሳችነቱ እየታወቀ በመምጣቱ በአሜሪካ ያለው ብሔራዊ የእሳት መከላከል ማኅበር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ አጭሩ ቃል ‹‹ፍላሜብል›› እንዲተካው መወትወት ጀመረ። በተባበሩት መንግሥታት የኬሚካሎች ምደባ ሥርዓትም የሚሠራበት ይኸው አጭሩ ቃል ነው። ይሁን እንጂ ረጅሙ ቃል ጨርሶ አልጠፋም። በፈረንሳይኛ ጽሑፍም ‹‹የሚቀጣጠል›› የሚባለው በ‹‹ኢን›› በሚጀምረው ቃል ነው።

‹‹የማይቀጣጠል›› ለማለት እንግሊዝኛው የሚጠቀመው ‹‹ነንፍላሜብል›› የሚለውን ቃል ነው። ቃሉ የሚጀምረው ኤን፣ ኦ፣ ኤን በሚሉት ሦስት ፊደላት ነው። እነዚህ ሦስት ፊደላት ከፊት ከሌሉ ዕቃው ከእሳት መራቅ አለበት። እንግሊዝኛ ለማያነብ ሰው ምልክቱ ይበቃል፤ በቀይ መስመር በተከበበ፣ በጫፉ በቆመ አራት ማዕዘን ውስጥ የእሳት ነበልባል ከተሳለ ዕቃው ተቀጣጣይ ነው።

አደጋው ከፈሳሹ ይልቅ በትነቱ ላይ ያይላል። ቤንዚን ከዜሮ ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እጅግ ባነሰ ቅዝቃዜ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል፤ የደብረ ብርሃን ውርጭም አያግደውም። ናፍጣ ግን በአብዛኛው ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ ያን ያህል አይተንም። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ተጉዞ ራቅ ካለ ምድጃ እሳት ሊጭር ይችላል። በመኾኑም ለመስኖ ሞተር የተገዛ ቤንዚንን ‹‹ሃይላንድ›› በሚባለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ፣ ሞተሩንም ሳይበርድ ነዳጅ መሙላት አይገባም።

ከፀረ ተባይ ኬሚካሎች መካከል ከስማቸው ቀጥሎ ‹‹ኢ.ሲ.›› የሚሉ ፊደላት ያለባቸው አብዛኛውን ጊዜ ከነዳጅ ዘር በኾነ ማሟሚያ የተዘጋጁ ናቸው። መርዛማነታቸው ሳይበቃ ብዙዎቹ ተቀጣጣይም ናቸው። ከምድጃ፣ ከጎተራ እና ከሣር ክዳን ቤት ርቀው፣ ሕጻናት በማይደርሱበት ቦታ ተቆልፎባቸው መቀመጥ አለባቸው። በሚረጩበት ጊዜም ሲጋራ ማጨስ ክልክል ነው።

ቤንዚን በእሳት ከተያያዘ ውኃ መድፋት አይገባም፤ ቤንዚኑ በውኃው ላይ ተንሳፎ እሳቱን ያሰፋዋል። አነስተኛ እሳትን በደረቅ አሸዋ ወይም በአፈር ማፈን ይቻላል። ከአቅም በላይ ከኾነ ግን ቅድሚያ የሚሰጠው ሰውን ከአካባቢው ማራቅ ነው።

አበው ‹‹ሳይቃጠል በቅጠል›› እንዲሉ፣ ዕቃውን ወደ ቤት ከማስገባት በፊት ጽሑፉን እና ምልክቱን ማየት ይገባል። ማንበብ የሚችል የቤተሰብ አባልም ላልቻለው ያንብብለት።