በስልሳ መቁጠር፦ ሁለት አቆጣጠር፣ አንዲት ጨረቃ

የዛሬው ክፍል ስለ ሂሳብ ነው፤ ግን አትደንግጡ፣ የባግሩት ዝግጅት አይደለም። የምናወራው ታሪክ ነው። ብቻ ወረቀትና እስክሪብቶ ያላችሁ አቅርቡ፣ መሃል ላይ አንድ ማባዛት አለችን።

መጀመሪያ ሁለት ቁጥር ልንገራችሁ። አንደኛው ከዕብራይስጡ አቆጣጠር ነው። አንድ የጨረቃ ወር፣ ከሞላድ እስከ ሞላድ፣ 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ793 ሐላቂም ነው። አንድ ሰዓት 1080 ሐላቂም አለው። ራምባም በ12ኛው ክፍለ ዘመን ይህንኑ ጽፎታል፤ ዛሬም በብዙ ምኵራቦች ሞላድ ሲነገር ትሰሙታላችሁ።

ሁለተኛው ከኢትዮጵያ ነው፣ ባሕረ ሐሳብ ከሚባለው የዘመን ስሌት። በግዕዝ ጠብቀው ያቆዩት የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ናቸው። እነሱ የጨረቃ ዓመት 354 ዕለት ከ22 ኬክሮስ ከ1 ካልዒት ከ36 ሣልሲት ከ52 ራብዒት ከ48 ኃምሲት ነው ይላሉ።

ሁለቱን ጎን ለጎን ስታዩዋቸው አንዱ ሳይንስ፣ ሌላው የቅዳሴ ቃል ሊመስላችሁ ይችላል። «ወላጆቻችን ከመጡበት አገር ሂሳብ የሚባል ነገር አልነበረም» ሲባል የሰማ ካለም፣ እንዲህ ያለው ንግግር እውነት መሆን አለመሆኑን ዛሬ በወረቀት እንፈትነዋለን።

ቁልፉ ስልሳ ነው። በባሕረ ሐሳብ አንድ ቀን 24 ሰዓት ሳይሆን 60 ኬክሮስ ነው። አንድ ኬክሮስ 60 ካልዒት፣ አንድ ካልዒት 60 ሣልሲት፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። በኛ ሰዓት ስናስበው ኬክሮስ 24 ደቂቃ፣ ካልዒት 24 ሰከንድ ነው። ካልዒት በግዕዝ «ሁለተኛ»፣ ሣልሲት «ሦስተኛ» ማለት ነው። በዕብራይስጥስ ሰከንድን ምን እንላለን? ሽኒያ። እሱም «ሁለተኛ» ማለት ነው! ሁለቱም ያው ሐሳብ ናቸው፤ ለሁለተኛ ጊዜ በስልሳ የተከፈለ።

ይህ ከየት መጣ? ከባቢሎን። ከ4000 ዓመት ገደማ በፊት የዚያ አገር ጸሐፊዎች በሸክላ ላይ በስልሳ ይቆጥሩ ነበር። እኛ አስር ሲሞላ ወደ ቀጣዩ ቤት እንደምንሻገር፣ እነሱ ስልሳ ሲሞላ ይሻገሩ ነበር። ለምን ስልሳ? ለመካፈል ይመቻላ! አስርን ለሦስት ብትካፈሉ 3.333 እያለ አያልቅም። ስልሳ ግን ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ5፣ ለ6፣ ለ10፣ ለ12 ያለ ቀሪ ይካፈላል። የቀን ሲሶ 20 ኬክሮስ ነው፣ አለቀ።

የባቢሎኖች ችግር ዜሮ ነበር። ለረጅም ጊዜ የዜሮ ምልክት ስላልነበራቸው፣ አንድ ምልክት ብቻ ስታዩ 1 ይሁን 60 ወይስ 3600 ከጽሑፉ ሐሳብ መገመት ነበረባችሁ። የግዕዝ ቁጥርም ዜሮ የለውም። ነገር ግን ባሕረ ሐሳብ ለየቤቱ ስም ሰጥቷል። ኬክሮስ ካላችሁ ቤቱ ታወቀ፤ ባዶ ቤት ካለ ስሙን አለመጥራት ነው። ዜሮ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ወረቀታችን። የዕብራይስጡን ወር ወደ ስልሳ እንቀይረው። 12 ሰዓት የቀን ግማሽ ስለሆነ 30 ኬክሮስ ነው። አንድ ኬክሮስ 432 ሐላቂም ነው፤ ከ793 ላይ ስናነሳ 361 ይቀራል፣ ኬክሮሱም 31 ይሆናል። 360 ሐላቂም ልክ 50 ካልዒት ነው። የቀረችው አንዷ 8 ሣልሲት ከ20 ራብዒት ናት። ስለዚህ ወሩ 29 ዕለት ከ31 ኬክሮስ ከ50 ካልዒት ከ8 ሣልሲት ከ20 ራብዒት ሆነ። ይህ ደግሞ የባቢሎን ኮከብ ቆጣሪዎች የተጠቀሙበት ቁጥር ራሱ ነው፣ አንድም ሳይጎድል። በአስር ብንጽፈው 29.530594 እያለ ማለቂያ የለውም።

ዓመት እንዲሆን በ12 እናባዛው፣ ከትንሹ ጀምረን።

20 በ12፣ 240 ራብዒት፤ ልክ 4 ሣልሲት ነው፣ 4 በእጃችን።

8 በ12፣ 96፤ 4 ሲጨመር 100። 40 ሣልሲት ጽፈን 1 በእጃችን።

50 በ12፣ 600፤ ከ1 ጋር 601። 1 ካልዒት ጽፈን 10 በእጃችን።

31 በ12፣ 372፤ ከ10 ጋር 382። 22 ኬክሮስ ጽፈን 6 በእጃችን።

29 በ12፣ 348፤ ከ6 ጋር 354 ዕለት።

ምን አገኘን? 354 ዕለት ከ22 ኬክሮስ ከ1 ካልዒት ከ40 ሣልሲት። የባሕረ ሐሳቡን መልሳችሁ እዩት፦ 354፣ 22፣ 1፣ 36 እና ትንሽ። ልዩነቱ በዓመት ከሦስት ሣልሲት ትንሽ ይበልጣል፣ አንድ ሰከንድ ከሩብ ገደማ። አንድ ቀን ለመሳሳት ከ60 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጃል።

ይህ ማለት ሁሉንም ኢትዮጵያ ፈለሰፈችው ማለት አይደለም፤ እንዲህ ብለን ብንፎክር ውሸት ነው። የባቢሎኑ ወር ወደ ግሪኮች ተሻገረ፤ በ2ኛው ክፍለ ዘመን በጥሊሞስ እስክንድርያ ውስጥ በስልሳ ሲያሰላ ይህንኑ ወር ተጠቅሟል። ባሕረ ሐሳብም ሥሩ ወደ እስክንድርያ ይመለሳል። አይሁድም ኒሳንና ታሙዝ የሚሉትን የወር ስሞች ያመጡት ከባቢሎን ነው። ማንም ከባዶ አልጀመረም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ቁጥር እስከ ኃምሲት ድረስ ለዘመናት ጠብቆ ማስተላለፍ የሚችለው ሂሳብ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

የእኛ ቄሶችም ወሩን የሚቆጥሩት በጨረቃ ነበር፤ ሲግድን ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን ለማክበር መቁጠር ግድ ነው። ስለዚህ አያታችሁ ጋ ስትሄዱ «ወሩን እንዴት ነበር የምትቆጥሩት?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ በአስር ላይሆን ስለሚችል በትዕግሥት ስሙ።

የቤት ሥራም አለች፦ በባሕረ ሐሳብ የፀሐይ ዓመት 365 ዕለት ከ15 ኬክሮስ ከ6 ካልዒት ነው። 15ቱ ኬክሮስ በስንት ዓመት አንድ ቀን ይሞላሉ? 6ቱ ካልዒትስ? የመጀመሪያውን ስታገኙ ጳጉሜን አንዳንዴ ለምን 6 እንደምትሆን ይገባችኋል። በሚቀጥለው ክፍል እንገናኝ፣ ደህና ሁኑ።