ሉሚናልና ዶክተር ሐውፕትማን
የአንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ታሪክ

የመድኃኒትን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያወድሱት መድኃኒቱን በብልቃጥ ያዘጋጀውን ኬሚስት ነው። በበሽተኛው አልጋ አጠገብ ቆሞ መድኃኒቱ ምን እንደሚሠራ ያስተዋለውን ሐኪም ግን በአንድ መስመር ያልፉታል። ፌኖባርቢታል፣ በንግድ ስሙ ሉሚናል የተባለው መድኃኒት፣ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ኬሚስቶቹ ያወጡት ለእንቅልፍ ነበር፤ ለሚጥል በሽታ እንዲውል ያደረገው ግን አንድ ወጣት ሐኪም ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህ ሐኪም ምን እንዳየና በኋላም ምን እንደ ደረሰበት ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ከሉሚናል በፊት የሚጥል በሽታን በእውነት የሚገታ መድኃኒት ብሮማይድ ብቻ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። እርሱም የተገኘው በሚያስገርም መንገድ ነው። ሰር ቻርልስ ሎኮክ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1857 በለንደን እንደ ተናገረው፣ በወር አበባቸው ጊዜ ለሚጥላቸው ሴቶች ፖታሲየም ብሮማይድ ሰጥቶ ብዙዎቹ ተሽሏቸዋል። መነሻው በሽታው ከፍትወት ብዛት ይመጣል፣ ብሮማይድም ፍትወትን ያበርዳል የሚለው የዘመኑ አስተሳሰብ ነበር። ምክንያቱ ሐሰት፣ ውጤቱ ግን እውነት ሆነ። ይሁን እንጂ ብሮማይድ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ቆዳን ያሳብጣል፣ ሰውን ያፈዛል፣ ሲጠራቀምም አእምሮን ያናውጣል። ብዙ በሽተኞች መውደቁ ቢቀርላቸውም ፈዘው ይኖሩ ነበር።

አሁን ወደ ኬሚስቶቹ እንለፍ። አዶልፍ ፎን ባየር በ1864 ከማሎኒክ አሲድና ከዩሪያ ባርቢቹሪክ አሲድን አወጣ። ይህ ውሕድ ብቻውን ማንንም አያስተኛም። ኤሚል ፊሸርና ዮሴፍ ፎን ሜሪንግ በ1903 ሁለት የኤቲል ቡድኖች ቢጨምሩበት ግን ቬሮናል የተባለው ታዋቂ የእንቅልፍ መድኃኒት ተገኘ። ቀጥሎም ከሁለቱ ኤቲሎች አንዱ ወጥቶ በፌኒል ተተካ፤ የባየር ኩባንያም ይህን አዲስ ውሕድ በ1912 ሉሚናል ብሎ ለገበያ አቀረበው። እስከዚህ ድረስ የሚጥልን በሽታ ያሰበ ማንም አልነበረም።

በዚያው ዓመት አልፍሬድ ሐውፕትማን በፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ በሽታዎች ክሊኒክ ረዳት ሐኪም ነበር። እንደሚነገረው፣ መኖሪያው ከበሽተኞቹ ክፍል በላይ ስለ ነበረ ሌሊት በወደቁ ቍጥር ከእንቅልፉ ይነቃ ነበር። ስለዚህ እነርሱም እርሱም እንዲያርፉ አዲሱን የእንቅልፍ መድኃኒት ሰጣቸው። የሌሊቱ መውደቅ ቀነሰ። ነገር ግን ቀን ነቅተው ሳሉም የሚደርስባቸው መውደቅ እንደ ቀነሰ፣ ብሮማይድ ያልረዳቸውም ጭምር እንደ ተሻላቸው አስተዋለ፤ ይህንንም በ1912 በሙኒክ የሕክምና ሳምንታዊ መጽሔት አሳተመ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የዕድል ታሪክ ሆኖ ይተረካል፤ አንቀላፊው ሐኪም ሳያስበው መድኃኒት አገኘ ይባላል። ለእኔ ግን ይህ አነጋገር በቂ አይመስለኝም። ቬሮናል ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየሆስፒታሉ ሲሰጥ ኖሯል፤ ሰውን ያስተኛ መድኃኒት ሌሊት ጸጥታ ማምጣቱም አያስደንቅም። ሐውፕትማን ከዚያ ተሻግሮ የጠየቀው፣ ጸጥታው የእንቅልፍ ውጤት ነው ወይስ የሌላ ነገር የሚለውን ነው። የቀኑን መውደቅ ባይቈጥር ኖሮ መልሱን አያገኝም ነበር። ባርቢቹሬት ሁሉ ያስተኛል፤ በማያስተኛ መጠን የሚጥልን በሽታ የሚገታው ግን ጥቂቱ ነው። መድኃኒቱ በአንጎል ውስጥ ጋባ የተባለውን የማረጋጊያ ንጥረ ነገር ሥራ እንደሚያበረታ የታወቀው ከብዙ ዓሥርት ዓመታት በኋላ ነው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ስለ ተነሣ ግኝቱ ከጀርመን ውጭ በስፋት የተሠራበት ዘግይቶ ነው። በ1938 ሜሪትና ፑትናም በቦስተን የማያፈዝ መድኃኒት ፍለጋ ፌኒቶይንን ሲያስተዋውቁ፣ ሊበልጡት የፈለጉት ፌኖባርቢታልን ነበር። በ1952 የወጣው ፕሪሚዶንም አዲስ መድኃኒት ተባለ እንጂ ከፊሉ በሰውነት ውስጥ ተለውጦ ያው ፌኖባርቢታል እንደሚሆን ከጥቂት ዓመት በኋላ ታወቀ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1977 ባወጣው የመጀመሪያው የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም ገብቷል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ በሰውነት ውስጥ ለቀናት ስለሚቈይ በቀን አንድ ጊዜ መውሰድ ይበቃል። በድንገት ቢቋረጥ ግን ያለማቋረጥ የሚጥል አደገኛ ሁኔታ ሊያስከትል ይችላል፤ ስለሆነም አቅርቦቱ አንድ ሳምንት ቢጓደል ቀላል ነገር አይደለም። በእኛ አገር በቡታጅራ ገጠር ተደርጎ ውጤቱ በ1990 የታተመው ጥናት ከ1,000 ሰው 5.2 የሚሆኑት የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው፣ መድኃኒት ያገኙትም እጅግ ጥቂት መሆናቸውን አሳይቷል።

ወደ ፍራይቡርግ እንመለስ። የክሊኒኩ ዳይሬክተር አልፍሬድ ሆኸ የተባለ ፕሮፌሰር ነበር። ይህ ሰው በ1920 ካርል ቢንዲንግ ከተባለ የሕግ ሊቅ ጋር ሆኖ «ለመኖር የማይበቃ ሕይወት» ሊጠፋ ይገባዋል የሚል መጽሐፍ አሳተመ። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ በ1933 ያወጡት ሕግ በዘር ይተላለፋል ያሉት የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች በግድ አመከነ። በ1940 ደግሞ ፓውል ኒቸ የተባለ ሐኪም በላይፕሲግ ሆስፒታል የግድያ ዘዴ አበጀ፤ ለደከሙ በሽተኞች መጠኑ ያለፈ ሉሚናል ለጥቂት ቀናት ሲሰጣቸው በሳንባ ምች ይሞታሉ፣ ሞቱም የተፈጥሮ ይመስላል። ሕፃናትም በዚሁ መድኃኒት ተገድለዋል።

ሐውፕትማን በዚያ ጊዜ በጀርመን አልነበረም። ከ1926 ጀምሮ በሐለ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኖ ሲያስተምር ቈይቶ፣ በትውልዱ አይሁዳዊ በመሆኑ ከ1935ቱ የኑረምበርግ ሕጎች በኋላ ከወንበሩ ተነሣ። በ1938 በዳኻው ማጎሪያ ታሰረ፤ ሲለቀቅ ተሰድዶ አሜሪካ ገባ። እዚያም እንደ እርሱ ከተሰደደው ከዚግፍሪድ ታንሃውዘር ጋር በ1941 ስለ አንድ በዘር የሚተላለፍ የጡንቻ በሽታ ጻፈ፤ ያም በሽታ በሁለቱ ስም ይጠራ ጀመር። በ1948 በቦስተን ሞተ።