ከዱቡሻ የቀረው የወንዶች ጉዳይ

ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ አባያ ሐይቅን ቁልቁል ከሚያይ ገደል አናት ላይ የተቀመጠችው ኦቾሎ በተመራማሪዎች ዘንድ በሁለት ነገር ትታወቃለች። አንደኛው ሸንጎዋ ነው። ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ማርክ አቤሌስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ እዚያ ተቀምጦ የወንዶቹን ጉባኤ አጠና፤ መጽሐፉንም በ1983 አሳተመ። ሁለተኛው ቁንጭር የሚባለው የቆዳ በሽታ ነው። በገደሉ ስንጥቅ የሚኖረው ሽኮኮ ተህዋሲውን ይሸከማል፣ የአሸዋ ዝንብ ወደ ሰው ታስተላልፈዋለች፤ ቁስሉ ብዙ ጊዜ ፊት ላይ ወጥቶ ጠባሳ ይተዋል። የሚታይ ሕመም ስለሆነ አጥኚም ሐኪምም ገደሉን እየወጣ መጥቶለታል። የፕሮስቴት ካንሰር ግን ከሽንት ፊኛ ሥር ተደብቆ ስለሚያድግ በቀላሉ አይቆጠርም። በዋና ከተማዋ በአዲስ አበባ እንኳ የነዋሪውን የካንሰር ሕሙማን የሚመዘግብ ሥርዓት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እንዲህ ያለውን ሕመም ወደ ብርሃን የሚያወጣው መጀመሪያ ንግግር ነው፤ ለንግግር ደግሞ ኦቾሎ ከማንም ያላነሰ ታሪክ አላት።

ኦቾሎ ባለችበት በጋሞ የአገር ጉዳይ የሚነሣው ዱቡሻ በሚባለው ሸንጎ ነው። የመሬት ክርክር፣ ጠብ፣ የጋራ ሥራ፣ የሥርዓት ጥሰት እዚያ ይቀርባል፤ አንዱ ተነሥቶ ይናገራል፣ ሌላው ይመልሳል፣ እጅ ሳይቆጠር ሐሳብ እስኪገጥም ይመከራል። ከዚህ ጋር ጎሜ የሚባለው እምነት አለ፦ ሥርዓት የጣሰ ሰው ጥሰቱን ከሸሸገ መዘዙ በራሱ ወይም በቤተሰቡ ላይ በሕመም ይገለጣል፤ መዳኛው ነገሩን በሽማግሌዎች ፊት አውጥቶ ዕርቅ ማውረድ ነው። የሸሸጉት ነገር እንደሚጎዳ ይህን ያህል አጥብቆ ያስተማረ ባህል ወንዶቹ ስለ ሽንታቸውና ስለ ወንድነታቸው ዝም ብለው እንዲሞቱ ሊፈቅድ አይገባም። ጎሜ ሕመምን ከጥፋት ጋር ስለሚያያይዝ ታማሚውን ያሳፍራል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ እውነት አለው። ይህን ካንሰር የሚያመጣው የተሰወረ በደል አይደለም፤ አደጋውን ከፍ የሚያደርጉት ዕድሜ፣ የዘር ግንድ፣ የአባት ወይም የወንድም በዚሁ በሽታ መያዝ ናቸው። መወረስ ያለበት መግለጡ ነው፤ ወቀሳው ይቅር። ዱቡሻም ቢሆን ሳይለወጥ የኖረ ተቋም አይደለም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የምኒልክ ጦር ከደረሰ ወዲህ፣ በደርግም ዘመን፣ ሥልጣኑ ተሸርሽሯል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው የተቆጣውን ወጣት አርባ ምንጭ ላይ መመለሳቸው ቃላቸው ዛሬም እንደሚሰማ ያሳያል።

ወንዶች ቀድመው ይመርመሩ ሲባል ግን ከባዱ ተቃውሞ ከሕክምናው ዓለም ራሱ የሚመጣ ነው። ይህን ካንሰር ለመፈለግ የሚደረገው ፒ.ኤስ.ኤ. የተባለው የደም ምርመራ ካንሰርን ብቻ አይለይም፤ በዕድሜ የሚያብጥ ፕሮስቴትም፣ ኢንፌክሽንም ውጤቱን ከፍ ያደርጉታል። እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ የሆነው የአውሮፓ ጥናት ከ55 እስከ 69 ዓመት ያሉ ከ160 ሺህ በላይ ወንዶችን ተከታትሎ ቅድመ ምርመራ በዚህ ካንሰር መሞትን በ20 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አገኘ፤ ነገር ግን አንድ ሞት ለማስቀረት 48 ተጨማሪ ሰዎች መታከም ነበረባቸው። ሕክምናው ደግሞ ሽንት ያለመቆጣጠርና የወሲብ ችግር ሊያስከትል ይችላል። የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2012 ምርመራውን አትምከሩ አለ፤ በ2018 ግን ለዚሁ የዕድሜ ክልል ሰውየው ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ ይወስን ወደሚለው ተመለሰ። ይህ ለኦቾሎ ሰው እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ጥቅሙንና ጉዳቱን አንሥቶ፣ ግራ ቀኙን ሰምቶ መወሰን የዱቡሻ የኖረ ሥራ ነው። ምልክት እስኪመጣ መጠበቅ የሚለው ምክር ግን ለዚህ በሽታ አይሠራም፤ ካንሰሩ በብዛት የሚጀምረው ከሽንት ቧንቧ ራቅ ባለው የፕሮስቴቱ ጠርዝ ስለሆነ በመነሻው ሽንትን አይረብሽም። ወደ አከርካሪ ከተዛመተ በኋላ የሚመጣውን የጀርባ ሕመም ደግሞ ሥራና ብርድ ያመጣው አድርጎ ማለፍ ቀላል ነው።

ተመርምሮ ምን ይገኛል፣ ሕክምናው ሩቅ ነው የሚለውም ከባዶ የተነሣ አይደለም። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ነገር ግን ወደ አጥንት የተዛመተ ካንሰር ያለበት ሰው መንገዱ ይበልጥ ይከብደዋል፣ ተስፋውም ያንሳል፤ በቶሎ የተገኘ ካንሰር ግን በቀዶ ሕክምና ሊወጣ፣ አንዳንዴም በክትትል ብቻ ሊያዝ ይችላል። ሸንጎው ሲያገልላቸው የኖሩ ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ይህን ምክር እንዳያጡት ንግግሩ ከዱቡሻው ድንጋይ ወርዶ ገበያና ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት። ሴቶችም በአብዛኛው ከሸንጎው ውጭ ነበሩ፤ የባልን አባትና ወንድሞች ያስታመሙት ግን እነሱ ናቸው፤ በቤተሰቡ ማን በምን ሕመም እንደሞተ ሐኪም ሲጠይቅ መልሱ ያለው እነሱ ዘንድ ነው።