በጨለማ የሚነበብ ቁልፍ፤ ከሬዲየም ቀለም እስከ ኮምፒዩተር ሰሌዳ

ሰው በጨለማ ውስጥ መሥራት የሚገደድባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው። የሌሊት አብራሪ፣ የመርከብ መሪ፣ በሆስፒታል የሚያድር ተረኛ፣ መብራት በጠፋበት ምሽት ሪፖርቱን ለመጨረስ የሚጣደፍ ጸሐፊ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ችግር ይገጥማቸዋል። ይኸውም እጃቸው የሚያዝዘውን መሣሪያ ዐይናቸው ሊያየው አለመቻሉ ነው። ዛሬ በተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተሮች ላይ ከየፊደሉ ሥር ብርሃን ሲፈነጥቅ ስናይ ነገሩ ተራ ጌጥ ይመስለናል። ዳሩ ግን ከዚህች ትንሽ ብርሃን በስተጀርባ መቶ ዓመት ያህል የፈጀ ድካም፣ የሰው ሕይወት የተከፈለበትም ስሕተት አለ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ታሪክ በአጭሩ ማውሳትና ለዛሬው ንድፍ አውጪ የሚሰጠውን ትምህርት ማመልከት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማሪ ኩሪና ፒየር ኩሪ ሬዲየም የተባለውን ንጥረ ነገር በ1898 አገኙ። ብዙም ሳይቆይ የሬዲየም ጨው ከዚንክ ሰልፋይድ ጋር ሲደባለቅ ከውጭ ምንም ብርሃን ሳያገኝ ሌሊትና ቀን የሚያበራ ቀለም እንደሚሆን ታወቀ። ምክንያቱም ከሬዲየሙ የሚወጣው የአልፋ ጨረር የዚንክ ሰልፋይዱን ቅንጣት በመታው ቁጥር ቅንጣቱ ብልጭ ስለሚል ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደሩ በጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ሰዓቱን እንዲያነብ፣ አብራሪውም የከፍታና የፍጥነት መለኪያውን እንዲያይ ይህ ቀለም እጅግ ተፈላጊ ሆነ።

ከ1917 ጀምሮ በኒው ጀርሲ ግዛት፣ ኦሬንጅ በተባለው ከተማ የነበረ ፋብሪካ የሰዓት ገጾችን በዚህ ቀለም የሚያስጌጡ ወጣት ሴቶችን ቀጠረ። ቁጥሮቹ ደቃቅ ስለሆኑ የብሩሹ ጫፍ ሹል መሆን ነበረበት፤ ሠራተኞቹም ብሩሹን በከንፈራቸው እያሾሉ እንዲሠሩ ተማሩ። በዚህም ሁኔታ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሬዲየም ይውጡ ነበር። ሬዲየም በሰውነት ውስጥ እንደ ካልሲየም ስለሚታይ መኖሪያው አጥንት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሴቶቹ ጥርስ ይወልቅ፣ መንጋጋቸው ይበሰብስ፣ ደማቸውም ይደርቅ ጀመር። ሐኪሙ ሃሪሰን ማርትላንድ የበሽታውን ምንጭ በ1925 በምርመራ አረጋገጡ። በ1927 ግሬስ ፍራየርና አራት ጓደኞቿ ክስ መሠረቱ፤ በ1928ም ጉዳዩ በስምምነት ሲያልቅ ለእያንዳንዳቸው 10,000 ዶላር፣ በየዓመቱም 600 ዶላር እንዲከፈላቸው ተወሰነ። በዚያው ዓመት ቀለሙን የቀመሙት ዶክተር ሳቢን ቮን ሶቾኪ ራሳቸው በጨረር ምክንያት በመጣ የደም በሽታ ሞቱ። የዚህ ክርክር ውጤት ከካሣው በላይ ነበር፤ በሥራ ላይ ለሚደርስ በሽታ አሠሪው ተጠያቂ ነው የሚለው አስተሳሰብ በአሜሪካ እንዲጠናከር ረድቷል።

ከዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በዚያ ዘመን የተቀቡት ሰዓቶች ዛሬ በጨለማ አያበሩም፤ ዚንክ ሰልፋይዱ በጨረሩ ድብደባ አርጅቷልና። ሬዲየሙ ግን ከመጠኑ ግማሹ የሚያልቀው በ1600 ዓመት ስለሆነ አደጋው እንዳለ ነው። ብርሃኑ ሄዶ መርዙ ቀርቷል ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ኤሌክትሪክ ነበር። ፈረንሳዊው ጆርጅ ዴስትሪዮ በ1936 ያንኑ ዚንክ ሰልፋይድ ከጥቂት መዳብ ጋር አዋሕደው በተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ቢያስቀምጡት ያለ ሬዲየም ሲያበራ አዩ። ከዚህ ግኝት እንደ ወረቀት የሳሳ፣ የማይግልና በገጹ ሁሉ እኩል የሚያበራ መብራት ተወለደ። በ1960 ክራይስለር በአንዳንድ መኪናዎቹ ውስጥ የፍጥነት መለኪያውን በዚህ ዘዴ አበራ። የአፖሎ መንኮራኩር ተጓዦች ወደ ጨረቃ ሲበሩ ኮምፒዩተራቸውን የሚያዝዙበት ባለ 19 ቁልፍ ሰሌዳም ቁጥሮቹን የሚያሳየው በዚሁ ዓይነት ብርሃን ነበር።

ይሁን እንጂ ችግሩ መብራት በማግኘት ብቻ የሚፈታ አልነበረም። የሰው ዐይን ጨለማን ሙሉ በሙሉ ለመልመድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ የለመደውን ግን አንድ ኀይለኛ ብርሃን በቅጽበት ያፈርስበታል። በዐይናችን ውስጥ በጨለማ የሚያዩት በትር መሰል ሕዋሳት ለቀይ ብርሃን ደንታ የላቸውም። ስለዚህም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላንና የመርከብ ክፍሎች በቀይ መብራት ይበሩ ጀመር። ይህም ቢሆን ያለ ጉድለት አልነበረም፤ በካርታ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈው ሁሉ በቀይ ብርሃን ሥር ይሰወራልና። በኋላ ብዙዎች ወደ ደብዛዛ ነጭ ብርሃን የተመለሱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ለቁልፍ ሰሌዳ የሚስማማው የብርሃን ምንጭ የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ኒክ ሆሎንያክ በ1962 በጄኔራል ኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ በዐይን የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጥ ዳዮድ ሠሩ። ነጭ ብርሃን ለማግኘት ግን ሰማያዊው ያስፈልግ ነበርና ሠላሳ ዓመት ያህል መጠበቅ ግድ ሆነ። በጃፓን ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በደከሙበት ሥራ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደማቅ ሰማያዊ ዳዮድ ተገኘ፤ ሦስቱም በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በሰማያዊው ዳዮድ ላይ ቢጫ የሚያበራ ዱቄት ሲቀባ ነጭ ብርሃን ይገኛል። ዛሬ በቁልፎቻችን ሥር ያለው ነጭ ብርሃን በአመዛኙ ይኸው ነው።

አንዳንድ ባልደረቦች «ጣቱ የሠለጠነ ጸሐፊ ብርሃን ምን ያደርግለታል?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ጥያቄው አግባብ አለው። ፍራንክ ማክገሪን በ1888 በሲንሲናቲ ከተማ በተደረገው የጽሕፈት መኪና ውድድር ያሸነፈው ሰሌዳውን ሳያይ በመጻፉ ነው፤ በF እና በJ ቁልፎች ላይ ያለችው ትንሽ እብጠትም የተሠራችው ለእንዲህ ያለው ጣት ነው ቢባል ትክክል ነው። ነገር ግን ብዙው ሰው እንዲህ አልሠለጠነም፤ የሠለጠነውም ቢሆን ከቁጥሮችና ከልዩ ልዩ ምልክቶች ሲደርስ ዐይኑን ይጥላል። ስለዚህ በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ የአይ ቢ ኤም ቲንክፓድ ኮምፒዩተሮች ከማሳያው አናት ላይ ሰሌዳውን ወደ ታች የምታበራ አንዲት ዳዮድ ይዘው ወጡ። በጥር 2003 ደግሞ አፕል ባለ 17 ኢንች ፓወርቡክ ኮምፒዩተሩን ሲያስተዋውቅ ብርሃኑን ከቁልፎቹ ሥር አመጣው፤ የክፍሉን ጨለማ እየለካ ብርሃኑን በራሱ የሚያስተካክል መሣሪያም ጨመረበት።

አሠራሩ ሲመረመር የሚያስደስት ነው። ከቁልፎቹ ሥር አንድ ስስ የፕላስቲክ ገጽ ይነጠፋል፤ ጥቂት ዳዮዶች በጠርዙ በኩል ያበሩበታል። ብርሃኑ በገጹ ውስጥ እየነጠረ ይጓዝና ደቃቅ ነጥቦች ከታተሙበት ሲደርስ ወደ ላይ ይወጣል። ከዳዮዱ አጠገብ ነጥቦቹ ይሳሳሉ፣ ሲርቁም ይበዛሉ፤ ይህ ባይደረግ የቅርቡ ፊደል ደምቆ የሩቁ ይጨልም ነበር። ቁልፉ ራሱ ብርሃን ከሚያሳልፍ ፕላስቲክ ተሠርቶ በጥቁር ቀለም ይሸፈናል፤ ከዚያም ሌዘር የፊደሉን ቅርጽ ያህል ቀለሙን ይገፍፋል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የንድፍ አውጪው ትልቁ ፈተና የብርሃን ማነስ አይደለም፤ መብዛቱ ነው። በጨለማ የሚሠራ ሰው ዐይን የሚለምደው የክፍሉን ጨለማ ሳይሆን ከፊቱ ያለውን ማሳያ ስለሆነ፣ የቁልፉ ብርሃን ከማሳያው ጋር ካልተመዛዘነ ወይ አይታይም ወይ ያውካል። በቁልፎቹ መካከል የሚያፈተልከው ብርሃን ፊደሉን ከማሳየት ይልቅ ዐይንን ይወጋል። ቁልፉ ብርማ ቀለም ያለው ከሆነም በከፊል ብርሃን ጊዜ ነጩ ፊደል ከነጩ ገጽ ጋር ይመሳሰልና ጭራሽ ይጠፋል። እንዲህ ባለ ጊዜ መብራቱን ማጥፋት የተሻለ ንባብ ይሰጣል።

ይህ ጉዳይ እኛንም ይመለከታል። በአገራችን በብዛት በምንጠቀምባቸው ኮምፒዩተሮች ቁልፍ ላይ የተቀረጸው የላቲን ፊደል ነው። በአማርኛ የሚጽፍ ሰው በላቲኑ ድምፅ እየተመራ «ሰ»ን እና «ለ»ን ያገኛል፤ «ፀ» እና «ጸ»፣ «ዐ» እና «አ» ከየትኛው ጥምር እንደሚወጡ ግን ቁልፉ የቱንም ያህል ቢበራ አይነግረውም። መብራት በጠፋበት ምሽት ለሚሠራው ጸሐፊያችን የጎደለው ብርሃን ብቻ አይደለም፤ ብርሃኑ የሚያሳየው ጽሑፍም ጭምር ነው።

የኦሬንጅ ከተማ ሴቶች ታሪክ የሚያስተምረን በዚህም ላይ ይሠራል። እነዚያ ቀለም ሻጮች ሰዓቱ ማብራቱን እንጂ ማን እንደሚቀባው፣ ምንስ እንደሚደርስበት አልጠየቁም። ዛሬ የምንሠራው መሣሪያ እንደዚያ አይገድልም፤ ቢሆንም ጥያቄው አልተለወጠም። ለማን ዐይን፣ በማን እጅ፣ በየትኛው ፊደል? መሣሪያ የሚነድፍ ባልደረባ ሁሉ መብራቱን ከመምረጡ በፊት ለእነዚህ መልስ ቢያዘጋጅ ሥራው የተቃና ይሆናል።