የአያቴ ወረንጦ፦ የዓይን ማዝ ታሪክ በጎጃም

ዛሬ የአንድ የዓይን ቆብ በሽታን ታሪክ ላውጋችሁ። ታሪኩ ሩቅ አይደለም፤ ከብዙዎቻችን ቤት ነው።

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በገበዝ ማርያምና በአካባቢው ገጠር ያደገ ሰው ያስታውሰዋል። እናቶች ከማተባቸው ጋር ወረንጦ ያንጠለጥላሉ። አያቴም ነበራት። ጠዋት ፀሐይ ላይ ትቀመጥና "ነይ እስቲ ልጄ፣ የአንቺ ዓይን ደህና ያያል፤ ይቺን ፀጉር ንቀይልኝ" ትለኝ ነበር። እነቅልላታለሁ፤ ሳምንታት ሳይቆይ ተመልሶ ይበቅላል። ዓይኗ ሲያለቅስ የምድጃው ጭስ ይመስለን ነበር። ነገሩ የዓይን ማዝ፣ ማለትም ትራኮማ መሆኑን የተረዳሁት ሐኪም ለመሆን ስማር፣ የታካሚ ዓይን ቆብ ገልብጬ ማየት ስጀምር ነው።

በሽታው ያለው እዚያው ከቆቡ በስተውስጥ ነው። ጀርሙ በልጅነት ደጋግሞ ሲይዝ የቆቡ ውስጠኛ ክፍል ይቆጣል፤ ትንንሽ እብጠቶች ያወጣል። ቁጣው በተደጋገመ ቁጥር ጠባሳ ይተካል። ጠባሳው ከዓመታት በኋላ ቆቡን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፤ ሽፋሽፍቱም ዓይንን ይቧጭራል። ጠባሳው እንባን የሚያመነጩና የሚያለሰልሱ ዕጢዎችንም ይጎዳል። ስለዚህ ከውጭ ሲታይ እንባ የሚያፈሰው ዓይን ጥሩ እንባ ያጣ ደረቅ ዓይን ሊሆን ይችላል። ሲቧጨር የኖረ ዓይን ነጭ ጠባሳ ይዞ ይታወራል።

ወረንጦው ከአያቶቻችንም የቀደመ ነው። ከ3,500 ዓመት ገደማ በፊት በግብፅ የተጻፈ የሕክምና ፓፒረስ ዓይን ውስጥ የሚገባን ፀጉር ነቅሎ ተመልሶ እንዳይበቅል መድኃኒት መቀባትን ይመክራል። ጀርሙ በማይክሮስኮፕ የታየው ግን እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። በላቦራቶሪ ለብቻው ተለይቶ እንዲያድግ የተደረገው ደግሞ በ1957 በቻይና ነው። ክላሚዲያ ትራኮማቲስ ይባላል፤ በጣት፣ በፊት መጥረጊያ ጨርቅና በዝንብ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። እናቶች ከወንዶች ይበልጥ የሚጎዱት ውሏቸው ከሕፃናት ጋር ስለሆነ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት የሚያስደነግጥ ነበር። ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 40 በመቶ ገደማው ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው። በአማራ ክልል ቁጥሩ ከ60 በመቶ በላይ ነበር።

መልሱም በከፊል ከዚሁ ከጎጃም ተገኘ። በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ለሕዝቡ በሙሉ አዚትሮማይሲን ተሰጠ። በዓመት አንድ ጊዜ በተሰጠባቸው ቦታዎች ጀርሙ የተገኘባቸው ሕፃናት በሦስት ዓመት ተኩል ውስጥ ከ41.9 ወደ 1.9 በመቶ ወረዱ። ዶ/ር ተሾመ ገብሬና ባልደረቦቻቸው ይህን ውጤት በ2012 አሳተሙ። ከ2008 ጀምሮም በምዕራብ ጎጃምና በአጎራባች ዞኖች "ማልትራ ሳምንት" በሚባለው ዘመቻ የወባና የትራኮማ ሥራ በአንድነት ተሠራ። ቤት ለቤት የመጣውን ክኒን ብዙዎቻችሁ እንደምታስታውሱት አልጠራጠርም።

መድኃኒቱ ግን ጀርሙን እንጂ ጠባሳውን አያጠፋም። ለተቀለበሰው ፀጉር መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው። በዚህም ላይ የእኛው ክልል እናቶችና አባቶች ለዓለም ዕውቀት ሰጥተዋል። እስማኤል ሀብታሙና ባልደረቦቹ 1,000 ታካሚዎችን በሁለት የቀዶ ሕክምና ዓይነቶች አክመው አወዳደሩ። ከአንድ ዓመት በኋላ ቆቡን ከውስጥ በኩል ብቻ በመቅደድ ከታከሙት 13 በመቶው ላይ ፀጉሩ ተመለሰ። ቆቡን ከውጭ እስከ ውስጥ ዘልቆ በመቅደድ ከታከሙት ግን 22 በመቶው ላይ ነው የተመለሰው። ውጤቱ በ2016 ታተመ። ታዲያ "እከሌ ተሠርታ ተመለሰባት" ብላችሁ አትቅሩ፤ የተመለሰበትም ሰው እንደገና ይታከማል።

ወረንጦስ ከንቱ ነው? አይደለም። የተቀለበሱ ፀጉሮች ጥቂት ብቻ ሲሆኑና ታማሚው ቀዶ ሕክምና ካልፈለገ፣ በባለሙያ ክትትል በጥሩ ወረንጦ መንቀል ይቻላል። አደጋው ወረንጦውን መዳኛ አድርጎ ቤት መቅረት ነው።

ስለዚህ ለወላጆቻችሁ ይህን አድርጉ፦

- ዓይናቸው የሚያለቅስ፣ የሚቆረቁር፣ ብርሃን የሚፈራ ከሆነ ወይም ፀጉር የሚነቅሉ ከሆነ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። ባለሙያው ቆቡን ገልብጦ ይይ። ቀዶ ሕክምናው ቆቡን ብቻ አደንዝዞ የሚሠራ ነው፤ የዚያኑ ቀን ወደ ቤት ይመለሳሉ።
- የልጆችን ፊት በየቀኑ አጥቡ። የፊት መጥረጊያ ጨርቅ አታጋሩ።
- መጸዳጃ ቤት ተጠቀሙ፤ ዓይን ላይ የሚያርፈው ዝንብ የሚራባው ሜዳ ላይ በተጣለ ዓይነ ምድር ነው።
- የዘመቻ መድኃኒት ሲመጣ "እኔ ደህና ነኝ" ብላችሁ አትለፉት።

ጠባሳ የያዘ ዓይን ብርሃኑ በቀላሉ አይመለስም፤ ቀድሞ የተሠራ ቆብ ግን የቀረውን ብርሃን ይጠብቃል። አያቴ ቀኝ ዓይኗን አጥታ ነው ያለፈችው። ወረንጦዋ ዛሬም እኔ ዘንድ አለ። በእናንተ ቤትም ካለ፣ ዛሬውኑ "እማዬ፣ ዓይንሽን እስቲ ልይ" በሏት።

ይህን ጽሑፍ ወላጆቻቸው ገጠር ላሉ ወዳጆቻችሁ አጋሩልኝ።