መሀል ላይ ምንም የለም

ሽሮ ቢቀጥንም ቢወፍርም ሽሮ ነው። ዱቄቱን ጨመር፣ ውሃውን ቀነስ ብታደርጉት ስሙ አይቀየርም። ውሃ ግን እንዲህ አይደለም። ከዓባይ ቅዱት ከቧንቧ፣ ንጹህ ውሃ ውስጥ ለ1 ግራም ሃይድሮጅን 8 ግራም ያህል ኦክስጅን አለ። 7 ወይም 9 የሆነበት ውሃ የለም። ሃይድሮጅኑን ብታበዙት ትርፉ ሳይዋሃድ ይቀራል።

ይሄ የቋሚ ምጥጥን ሕግ ይባላል፤ ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት ሸምድደነው አልፈናል። ኬሚስቶች ለዓመታት እንደተከራከሩበት ግን ማንም አልነገረንም።

ፈረንሳዊው ጆዜፍ ፕሩስት ስፔን ውስጥ ይሠራ ነበር። በ1799 (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሁለት ዓይነት የመዳብ ካርቦኔት አነጻጸረ፤ አንዱ ከመሬት የወጣ፣ ሌላው ላብራቶሪ ውስጥ የተሠራ። የሁለቱም ስሪት አንድ ሆነ።

ሌላው ፈረንሳዊ ክሎድ ሉዊ ቤርቶሌ ግን አልተስማማም። እሱ በ1798 ናፖሊዮን ግብፅን ሲወር አብሮ ሄዶ ነበር። እዚያ የናትሮን ሐይቆች ዳር ላይ ሶዳ ተጋግሮ አየ። ጨውና የኖራ ድንጋይ ተገናኝተው ሶዳ እየሰጡ ነው፤ ላብራቶሪ ውስጥ የሚታወቀው ደግሞ የዚህ ተገላቢጦሽ ነበር። ምክንያቱ የጨውና የኖራ ድንጋዩ ብዛት ነው፣ የኬሚካል ለውጥን አቅጣጫ መጠን ሊያዞረው ይችላል ብሎ ደመደመ። ትልቅ ግኝት ነው። ከዚያ ግን አንድ እርምጃ ጨመረ፤ መጠን የውሁዱን ስሪት ራሱንም ይቀይራል አለ። ብረታ ብረት አየር ላይ ሲሞቅ ኦክስጅን የሚወስደው ቀስ በቀስ ስለሆነ፣ ምጥጥኑም ቀስ በቀስ ይንሸራተታል ማለት ነው።

የፕሩስት መልስ አጭር ነው፦ ያያችሁት የሁለት ውሁዶች ድብልቅ ነው። መዳብን እንውሰድ። ዛሬ ስንለካው 100 ግራም መዳብ በአንደኛው ኦክሳይዱ ውስጥ 25 ግራም ያህል ኦክስጅን ይዟል፣ በሌላኛው ደግሞ የዚያን ግማሽ፣ 12.6 ግራም። መሀል ላይ ቀስ በቀስ የሚንሸራተት ምጥጥን የለም። እኔ ኮድ በመጻፍ የምኖር ሰው ስለሆንኩ ቶሎ የሚታየኝ በዚህ መልኩ ነው፤ ተፈጥሮ እዚህ ጋ የምትቆጥረው በኢንቲጀር ነው፣ ፍሎት አትቀበልም። ምክንያቱን በ1808 በወጣው መጽሐፉ የሰጠው እንግሊዛዊው ጆን ዳልተን ነው፦ ውሁድ የሚሠራው ከአቶሞች ነው፣ አንድ ተኩል አቶም ደግሞ የለም።

ግን አንድ ነገር አስቡ። ምጥጥኑ ቋሚ ሲሆን «ውሁድ»፣ ሳይሆን ሲቀር «ድብልቅ» ካልን፣ ይሄ ሕግ መቼ ነው የሚሸነፈው? ፈተናውን ራሱ ያወጣ ተማሪ እኮ አይወድቅም። ስለዚህ «ድብልቅ ነው» ብሎ መናገር ብቻ አይበቃም፤ ውስጡ ያሉትን ለይቶ ማሳየት ያስፈልጋል። መለየት ካልተቻለስ?

እንዲህ ያለ ነገር አለ። ዉስታይት የሚባለው የብረት ኦክሳይድ አንድ ወጥ ጠጣር ነው፣ ድብልቅ አይደለም። ሆኖም ለ100 የኦክስጅን አቶሞች 95 ያህል ብረት ነው ያለው፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ። ክሪስታሉ ውስጥ ብረት ሊቀመጥባቸው ከሚገባ ቦታዎች የተወሰኑት ባዶ ናቸው፤ የባዶዎቹ ቁጥር ደግሞ እንደ አሠራሩ ይለያያል። ሩሲያዊው ኬሚስት ኒኮላይ ኩርናኮቭ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያሉትን «ቤርቶላይድ» አላቸው፣ ሕጉን የሚያከብሩትን ደግሞ «ዳልቶናይድ»።

ያ የሐይቁ ዳር ሐሳብም አልጠፋም። በ1864 ኖርዌያውያኑ ጉልድበርግና ቮጌ መጠን የኬሚካል ለውጥን እንዴት እንደሚነዳ በቀመር አስቀመጡት።

ሕጉ ዛሬም ይሠራል። የራስ ምታት ክኒናችሁ ውስጥ ያለው ፓራሲታሞል ሕንድ ይመረት አዲስ አበባ፣ ውሁዱ ያው ነው ብለን የምንተማመነው በሱ ነው። ግን ክርክሩን ፕሩስት አሸነፈ ተብሎ ቤርቶሌ ያየው ሁሉ ቢጣል ኖሮ፣ ኬሚስትሪ ሁለት እውነቶችን አብሮ ይጥል ነበር። ሰው ተሳሳተ ማለትና ያየው ነገር የለም ማለት የተለያዩ ናቸው።